ኪኩ ማሲንቆውን ይጠብቀው

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ ሦስት ደብዳቤ ደረሰኝ። አንዱ ረጅም ነው፣ ሁለቱ አጫጭር። እኔ ራሴ ደብረ ብርሃን አድጌ፣ ከአጣዬ እስከ ምንጃር የሠርግ ኪቦርድ ስመታ ስለኖርኩ ለአገሬ ልጆች ትንሽ አዳልቻለሁ። የሌላ አገር ጠያቂዎች ለሚቀጥለው ወር ይታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ጠባሴ ነው የምኖረው። ቀን ስልክ እጠግናለሁ፣ ማታ ቢት እሠራለሁ። ሠርግና ልደት ላይም በዲጄነት እሠራለሁ። አሁን የመጀመሪያ አልበሜን ጨርሻለሁ። ዘጠኝ ትራክ ነው። ሃውስ አለው፣ አማፒያኖ አለው፣ ድራም ኤንድ ቤዝ አለው። ሦስቱ ላይ ደግሞ የአያቴን ማሲንቆና ቀረርቶ አስገብቻለሁ። አያቴን መንዝ ድረስ ሄጄ በስልኬ ነው የቀዳኋቸው። ጓደኞቼ "ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው ብለን እናስተዋውቀው? አንድ ነገር አይደለም" ይሉኛል። አባቴ ደግሞ አንዱን ሰምቶ "የአባቴን ማሲንቆ አበላሸኸው" ብሎ ተቆጣ። ማን ነው ልክ? ትራኮቹን በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ። እንዳይራሩልኝ።

መልስ፦ አልራራልህም። ዘጠኙንም ሁለት ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ቤቴ በጆሮ ማዳመጫ። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ስወርድ መኪና ውስጥ፣ ሹፌሩን ለምኜ ስልኬን ከቴፑ ጋር አገናኝቶልኝ። አራተኛው ትራክ ላይ ሹፌሩ ምንም ሳይናገር ድምፁን ቀነሰው። ሰባተኛው ሲጀምር ጣርማ በር ዋሻ ልንገባ ስንል ነበር። ድምፁን ጨመረውና "ይሄ ማነው?" አለኝ። ከእኔ ይልቅ የሹፌሩን እጅ እመን።

መልሴ ይኸውልህ። ጓደኞችህ ተሳስተዋል። አባትህ ግን ልክ ናቸው። ልክነታቸው ግን እሳቸው ባሰቡት ምክንያት አይደለም።

በጓደኞችህ ልጀምር፣ እሱ ቀላል ነው። ድብልቅ ያልሆነ የጭፈራ ሙዚቃ ካለ ያምጡልኝ። ሃውስ ራሱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ሲወለድ ዲጄዎች ዲስኮውን ከድራም ማሽንና ከሲንተሳይዘር ጋር አላቁጠው ያወጡት ነው። አማፒያኖም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከሃውስ፣ ከጃዝና ክዋይቶ ከሚባለው የአገሬው የከተማ ጭፈራ ሙዚቃ ተቀላቅሎ የመጣ ነው። እኛም ጋ ሙላቱ አስታጥቄ የአገራችንን ቅኝት ከጃዝ ጋር ሲያጋባ ነው ኢትዮ ጃዝ የሚባለውን ስም ያገኘነው። ስሙ ከሙዚቃው በኋላ ነው የመጣው። ጓደኞችህ ስሙ ይቅደም እያሉህ ነው።

ደግሞ ሩቅ ምን አስኬደን? ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለደው እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ይህን የሚያውቅ የከተማችን ወጣት ስንት ይሆን? ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገባ። አኮርዲዮኑን ያዘ። ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ጨመረበት። የድሮ ዜማዎቻችንን በዚያ ሁሉ ማሽን ላይ ተጫወታቸው። ካሴቱን ስትሰማው አኮርዲዮኑ እዚህ እኛ ጉልት አጠገብ ነው፣ ከበሮው ደግሞ ከኤሌክትሪክ ሶኬት የመጣ ነው። እንዴት ይጣጣማሉ ትላለህ፣ ግን ይጣጣማሉ። ከዚያ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ነቃ፣ እሱም ወደ መድረክ ተመለሰ። 28 ዓመት መሆኑ ነው። አንተ ሁለት ሳምንት "ምን እንበለው" ስለተባልክ አትደንግጥ።

ሮፍናን ኑሪም እኮ ዲጄ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ነጸብራቅ የሚለውን አልበሙን ሲያወጣ ኤሌክትሮኒክ ምቱን ከአገር ቤት ዜማ ጋር ነው ያመጣው። ያኔም "ይሄ ምንድን ነው?" ያለ አልጠፋም። ዛሬ የሠርግ ዲጄ ሁሉ ያጫውተዋል። አንተም ሳታጫውተው አትቀርም።

ስለዚህ ፖስተሩ ላይ "የጭፈራ ሙዚቃ" ብለህ ጻፍና እለፈው።

አሁን ወደ አባትህ። እሳቸው የተቆጡት አራተኛውን ትራክ ሰምተው መሆን አለበት። ማሲንቆውን ምን እንዳደረግኸው እኔ ልንገርህ። ሃውስህ በደቂቃ 124 ምት ይሄዳል። አያትህ ደግሞ በራሳቸው ልብ ነው የሚሄዱት፤ ግጥሙ ሲመጣ ይዘገያሉ፣ ግጥሙ ካለቀ በኋላ ይፈጥናሉ። አንተ ያንን ሁሉ ቆርጠህ፣ ጎትተህ፣ እያንዳንዱን ምት ሶፍትዌሩ መስመር ላይ ቸከልከው። ከዚያ ድምፁን በማረሚያ አስተካከልከው። የቀረው ማሲንቆ የሚመስል ሲንተሳይዘር ነው። እንዲህ ከሆነማ መንዝ ድረስ ለምን ሄድክ? ትራንስፖርትህን ትቆጥብ ነበር።

ይህን ስህተት ከአንተ በፊት የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ነው የማውቀው። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በጥር፣ መሐል ሜዳ ሠርግ ተጠራሁ። አዲስ ኪቦርድ ገዝቼ ነበር፣ ከበሮው ራሱ ውስጡ ያለ ዓይነት። ጄኔሬተር፣ ሁለት ስፒከር፣ አንድ ማይክ። ብርዱ ጣቴን አደንዝዞት በአረቄ እያሸሁ ነው የምመታው። እናቶች ዳሱ ውስጥ ክብ ሠርተው፣ እያጨበጨቡ፣ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። እኔ ደግሞ "ላግዛቸው" ብዬ የኪቦርዱን ምት ለቀቅሁባቸው። መጀመሪያ ጭብጨባው ተዘበራረቀ። ከዚያ ቀስ በቀስ አቆሙ። ባና የደረቡ አንዲት አሮጊት መጡና እጃቸውን ስፒከሩ ላይ አድርገው "ልጄ፣ ይሄ ነገር ወዴት ነው የሚቸኩለው?" አሉኝ።

ከበሮውን አጠፋሁት። ጭብጨባው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያን ሌሊት የሠራሁት ነገር ቢኖር አንዲት ዝቅ ያለች ድምፅ ይዤ ከሥራቸው መከተል ብቻ ነበር። ሠርጉ እስኪነጋ ቆየ።

አራተኛውን ትራክ እንዲህ አድርገህ እንደገና ሥራው። የአያትህን ቅጂ ምንም ሳትነካው ክፈተው። ጠረጴዛውን በጣትህ እየመታህ ተከተላቸው። ያንን የጣትህን ምት ቅዳውና የሶፍትዌሩን ፍጥነት በእሱ ላይ አስተካክል። እሳቸው ሲዘገዩ ማሽኑም ይዝገም። እሳቸው ሲፈጥኑ ማሽኑ ይሩጥ። አብዛኞቹ ሶፍትዌሮች ይህን ይችላሉ፤ አሰልቺ ስለሆነ ነው ሰው የማይሠራው። ሁለት ቀን ይፈጅብሃል።

ቀጥሎ ቆጠራው። ሃውስ አራት ነው የሚቆጠር፣ ችክችካችን ደግሞ ስድስት። አንተ ስድስቱን በግድ አራት ውስጥ ስለከተትከው ነው እግር የሚጠላለፈው። እስቲ ሁለት ዙር ችክችካ አብረህ ቁጠር፦ አሥራ ሁለት። ኪኩን፣ ያንን ዱም የሚለውን ወፍራም የከበሮ ምት፣ በየሦስቱ አስቀምጠው፣ አራት ኪክ ይወጣሃል። ያው ሃውስ ሆነልህ! ጭብጨባውን ደግሞ በየሁለቱ አስገባ፣ ስድስት ጭብጨባ። ኪኩ በደቂቃ 120 ጊዜ ከመታ አሥራ ሁለቱ ቁጥር ልክ ሁለት ሴኮንድ ውስጥ ያልቃል። የክለብ ልጅ ኪኩን ይዞ ይጨፍራል፣ የመንዝ ሰው ጭብጨባውን ይዞ ትከሻውን ይነቀንቃል። ሁለቱም አንድ ትራክ ላይ ናቸው፤ ማንም ማንንም አልገፋም። ይህን ያገኘሁት መጽሐፍ ላይ አይደለም፣ የባቄላ ፍሬ ደርድሬ ነው። አንተም በባቄላ ሞክረው፣ ከስክሪን ይሻላል።

ሦስተኛ ቅኝቱ። ስድስተኛው ትራክ ላይ አያትህ አንቺሆዬ ይዘዋል። ከዶ ብንነሣ የአንቺሆዬ ድምፆች ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ናቸው። አንተ ከሥር የመታኸው የፒያኖ ኮርድ ደግሞ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል። ከሦስቱ ሁለቱ አያትህ ቤት ጭራሽ የሉም። እንግዳ ጋብዘህ ባለቤቱን ነው ያስወጣኸው። ለአማፒያኖ ኮርድ ስለለመድክ ጣትህ በራሱ ሄዶ ነው፣ ይገባኛል። ኮርዱን ጣለው። ዶን ብቻ በቤዝ ያዝ፣ አልፎ አልፎ ፋን ጨምር። ይበቃል። ትዝታ ላይ ቢሆን ኮርድ ይሸከምልህ ነበር፤ አንቺሆዬ ግን ቁጡ ነው፣ ቶሎ ይጣላል።

ደግሞ የአያትህ ክር ከኪቦርድህ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የተቃኘው፣ በእኔ ጆሮ ከግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል። ማሲንቆ የሚቃኘው ለዘፋኙ ጉሮሮ ነው፣ ለኪቦርድ አይደለም። ኪቦርዱን ዝቅ አድርገው። አብዛኛው ሲንተሳይዘር ማቃኛ አለው። እሳቸውን ከፍ አታድርጋቸው።

ሰባተኛውን ግን አትንካው። እባክህ አትንካው። አያትህ ሲያስሉ ትተኸዋል። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲጀምር ትተኸዋል። አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ኪክ የለም፣ ቀረርቶው ብቻውን ይሄዳል። ከዚያ ቤዙ ሲመጣ ከዝናቡ ውስጥ ነው የሚመጣው። ሹፌሩ ድምፅ የጨመረው እዚያች ላይ ነው። ይህን ሳታውቀው ነው የሠራኸው ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ምናልባት መሽቶብህ፣ ደክሞህ ቆርጠህ ሳትጨርሰው። የሆነው ሆኖ አልበሙን በእሱ ጀምር። ከዚያ ድራም ኤንድ ቤዙን አስከትል። ሰው ጆሮውን ከከፈተልህ በኋላ የፈለግከውን ያህል ፍጠን።

አማፒያኖዎቹ ሁለት ናቸው፣ አንዱ ይውጣ። ሎግ ድራሙ፣ ያ የአማፒያኖ መለያ የሆነው ወፍራም የቤዝ ምት፣ ከአንድ ፓኬት የወጣ ነው፣ ሁለት ጊዜ አያስፈልገንም። ዘጠነኛው ትራክ አንተ ራስህ የምትዘፍንበት ነው። ስልክ ጥገናህን ቀጥል፣ ዘፈኑን ለሌላ ሰው ስጥ። አትራራልኝ ብለሃል።

የስልክ ቅጂውን በተመለከተ፣ ስልክ ጫጫታ መስሎት ጭራው ክሩ ላይ ሲፋተግ የሚያሰማውን ሻካራ ድምፅ ይቆርጣል። የማሲንቆ ግማሽ ነፍሱ እሷ ናት። ቢቻል አንድ ትንሽ መቅጃ ተዋስና እንደገና ሂድ። በ24 ቢት፣ በዋቭ፣ ማለትም ባልተጨመቀ የድምፅ ፋይል ቅዳ። መቅጃውን ከማሲንቆው ሁለት ክንድ ያህል አርቀው፣ ከአፋቸው ትንሽ ዝቅ አድርገው። በርና መስኮት ዝጋ፣ የመንዝን ነፋስ ታውቀዋለህ። ጠዋት ሳይሆን ከምሳ በኋላ ቅዳቸው፤ በጠዋት ብርድ የሽማግሌ ጣት አይታዘዝም፣ የእኔም አይታዘዝ።

አንድ ያልጠየቅከኝ ነገር አለ። አያትህ ከአልበሙ ምን ያገኛሉ? ደብዳቤህ ላይ ስማቸው የለም። የትራኮቹ ስም ዝርዝር ላይም የለም። "ማሲንቆ ሳምፕል" ብለህ ነው የጻፍከው። ሳምፕል ማለት ከሌላ ቅጂ የተቆረጠ ድምፅ ነው። እሳቸው ሳምፕል አይደሉም እኮ፣ ተጫዋች ናቸው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 ለከዋኙም፣ ማለትም ለሚጫወተውና ለሚዘፍነው ሰው መብት ሰጥቷል። አያትም ቢሆኑ ከዋኝ ናቸው። አንድ ገጽ ወረቀት ጻፍ፦ የትኞቹ ትራኮች፣ ስማቸው የት እንደሚወጣ፣ ገቢ ከመጣ ስንት እጅ የእሳቸው እንደሆነ። አንብብላቸው፣ ሲፈርሙ የሚያዩ ሁለት ምስክር ጥራ። "ለልጄ ልጅ ምን ወረቀት ያስፈልጋል" ይሉሃል። ይበሉ። አንተ አስፈርም። አባትህንም ምስክር አድርጋቸው፤ ያኔ አራተኛውን ትራክ እንደገና አሰማቸው።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነው የምጽፍልህ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ካሴት ሰብሳቢ ነበር። አርባ የሚያህል ካሴት ካርቶን ውስጥ አለ። ብዙዎቹ የሱቅ አይደሉም፣ ራሱ ሠርግ ላይ የቀዳቸው ዘፈንና ፉከራ ናቸው። ልጆቼ ወደ ፍላሽ እናስገልብጠው ይላሉ። አንዱን ቴፕ ውስጥ ብንከተው በላው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እትዬ፣ መጀመሪያ ሌላ ካሴት እንዳያስገቡበት። ያ ቴፕ ካሴት የመብላት አመል አለው፣ ሁለተኛውንም ይበላል።

የሸዋ ሮቢት ሙቀት ለካሴት ጥሩ አይደለም። ካርቶኑን ከቆርቆሮው ሥር ያውርዱትና ቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያኑሩት፣ ከመሬትም ከፍ ይበል። ከስፒከር ያርቁት፤ የስፒከር ማግኔት የተቀዳውን ሊያጠፋ ይችላል። ካሴቱ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ካዩ ሻጋታ ነው። እሱን ለብቻው ይለዩት፣ የራሱ ባለሙያ ይፈልጋል።

የሚሠራ ቴፕ ሲያገኙ ክሩ የሚነካውን ብረትና ላስቲኩን መጥረግ ግዴታ ነው። ብረቱን በፋርማሲ አልኮል፣ ከተገኘ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነው፣ በጥጥ ይጥረጉት። የደብረ ብርሃን አረቄ ይሆናል ወይ የሚል ጥያቄ ከዚህ በፊት መጥቶልኛል። አይሆንም። ውሃም ሌላም ነገር አለበት፤ ለጠጪው እንጂ ለቴፑ አልተሠራም።

የተበላውን አይጣሉት። የተጨማደደውን ክር በጣት ቀስ አድርገው ያቃኑትና በእርሳስ መልሰው ይጠቅልሉት። ከተበጠሰም ይቀጠላል፣ አንድ ሁለት ቃል ቢጠፋ ነው። ሁሉንም ካሴት ከማጫወት በፊት አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ሙሉ በሙሉ ይጠቅልሉት። ለዓመታት የተኛ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃል።

ሱቅ ከወሰዱት "በዋቭ አድርጉልኝ" ይበሉ። ኤምፒ ስሪ ለስልክ በኋላ ይሠራል። ሁለት ቅጂ ይሁን፣ አንዱ ሌላ ቤት ይቀመጥ። ካሴቶቹን ሱቁ ትተው እንዳይመጡ። በአሥር በአሥር ይውሰዱ፣ ሲመልሱልዎ ሌላ አሥር። ይህን የምለው የራሴን ስድስት ካሴት አንድ ሱቅ ትቼ ሱቁ ዳቦ ቤት ሆኖ ስለጠበቀኝ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ከሰዓት ከልጆችዎ ጋር ቁጭ ብለው በየካሴቱ ላይ ይጻፉ፦ የማን ሠርግ፣ የት ቀበሌ፣ ማን ነው የሚፎክረው። ድምፁን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ ከአረርቲ፣ ምንጃር። እህቴን ልንድር ነው። ወጣቱ ዲጄ ይፈልጋል፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ቤዙ ደረታችንን መታው ብለው ባለፈው ሠርግ ሳይበሉ ወጡ። እንዴት እናስታርቃቸው?

መልስ፦ ቤዝ በግድግዳም በሸራም ያልፋል፣ ስለዚህ ስፒከሩን ማዞር ብቻ አይበቃም። የሽማግሌዎችን መቀመጫ ከዳሱ ማዶ ጫፍ አድርጉት። ስፒከሮቹን ጥግ ላይ አታስቀምጧቸው፣ ጥግ ቤዝ ያበዛል። ሳብዉፈሩን፣ ማለትም ቤዙን የሚያወጣውን ትልቁን ስፒከር፣ በቀጥታ መሬት ላይ ከማድረግ ከሥሩ ወፍራም ምንጣፍ ወይም ፍራሽ አድርጉለት። ምግቡ እስኪነሣ ድረስ ዲጄው ሳብዉፈሩን ጨርሶ ያጥፋ፤ ይህን ቀብድ ስትከፍሉ ተነጋገሩ፣ ሠርጉ ቀን አይሰማችሁም። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ደግሞ ለማሲንቆ ስጡ። ምንጃር ውስጥ አዝማሪ አጣን እንዳትሉኝ።